ጨው ቀማሹ

እታለም የታጠበ ፎጣ በክንዷ ደርድራ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቧንቧው ተለቆ ውሃው ይንዶቀዶቃል። ከውስጥ የወንድሟ ሚስት ስልክ ታወራለች። ሰው ምስጢሩን በውሃ ድምፅ ሲሸፍን አንድ ነገር ይረሳል፤ ከውሃው በላይ ለመሰማት ራሱ ይጮሃል። "እጇ ይጣፍጣል፣ ወሬ የለባት፣ ውጪ ውጪ አትልም። ጤናዋ ደግሞ እንደ ድንጋይ ነው፤ ወንድሟ ፋርማሲስት ሆኖ አንድ ኪኒን አስፈልጓት አያውቅም!" ብላ ሳቀች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መሰላት እንጂ ዝቅ አላለም። "አይ፣ ገና አልነገርናትም። ምን እንዳትል ነው? ለአባታችሁ ከልጅ በላይ ትሆናቸዋለች። ለማንኛውም ዛሬ ምሳ ላይ ዓሣውን ቅመሱና ራሳችሁ ፍረዱ። ከወደዳችኋት በዚያው በመኪናችሁ ይዛችኋት መሄድ ነው።"

እታለም አላንኳኳችም፣ አልሳለችም። ፎጣዎቹን እንደያዘች ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የተወራው ስለ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። ትናንት የወንድሟ ሚስት ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የእታለምን አሮጌ ቡናማ ቦርሳ አውርዳ በሳሙና ልታጥብ ተነሥታ፣ "አቧራ በልቶት እኮ ነው" ስትል፣ እታለም ደግሞ "ተይው፣ አንቺ ምን አለፋሽ፣ እኔ አጥበዋለሁ" ብላ ተሻምታ ነበር። አሁን ቦርሳው በረንዳው ላይ አፉን ከፍቶ ተሰቅሏል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የራሷን የመሄጃ ቦርሳ ተሻምታ የምታጥብ ሴት ግን መመንጠሩ ሳያንሳት መጥረቢያውንም አቀባይ ናት።

እታለም እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ወንድሟ አፉን ሲፈታ እንደዚያ ብሎ ጠራት። ሚስት ሲያገባ ሚስቱም እንዲሁ አለች፤ ጎረቤቱም ባለሱቁም ተከተለ። እሱ ራሱ ካደገ በኋላ "እትዬ" ወደ ማለት ቢዞርም ስሙ እንደተጣበቀባት ቀረ። እናታቸው ስትሞት እሷ ደብተሯን ትታ ድስት ጣደች፣ እሱ ደብተሩን ያዘ፤ ታሪኩ ይኸው ነው፣ ከዚህ የረዘመ የለውም። ክፍሏ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናት፤ ቀድሞ ዕቃ ቤት ነበረች። አልጋዋ፣ የካውያ ጠረጴዛው፣ የውሃ ማሞቂያውና እሷ አንድ ላይ ያድራሉ። ማሞቂያው ሲሞቅ ያጉረመርማል፣ እሷም ስታኮርፍ ታጉረመርማለች፣ ተስማምተው ነው የሚኖሩት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቺን ክፍል መቃብር ይላት ነበር። እታለም ግን ትወዳታለች፤ ከግድግዳው ማዶ የወንድሟ ሳል ይሰማታል። ሲያስል ትነቃና ሁለተኛውን ትጠብቃለች። ካልደገመው ትተኛለች። ከደገመው ተነሥታ ውሃ ታሞቃለች።

በዚህ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ አለ። እታለም የሠራችውን ራሷ ቀምሳ አታውቅም። ጨው ቀማሹ ወንድሟ ነው። ገና ምድጃው ከአገጯ በላይ ሆኖባት በርጩማ ላይ ቆማ ስታማስል፣ እሱ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ አፉን ከፍቶ ይጠብቃት ነበር። ማንኪያውን እፍ ብላ ታቀምሰዋለች፣ ፊቱን ታያለች፣ ጨው ትጨምራለች ወይ ትተወዋለች። አድጎ፣ ተመርቆ፣ ፀጉሩ ሳስቶም ያው ነው። ምግብ ሊቀርብ ሲል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ይገባል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይቀምሳል። "ትንሽ" ካለ ትንሽ ትጨምራለች። ዝም ካለ ድስቱ ይወጣል። ሚስቱ መጀመሪያ ሰሞን "ምነው፣ እሷ ምላስ የላትም?" ብላ ትስቅ ነበር፤ ኋላ ሳቁ ቀረና በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት መግባቱን ተወችው። ወንድምና እህት ሌላ ወሬ የላቸውም። የተጣሉ ለታ ወጡ ይቆመጥጣል፤ እሱም ይገባውና ሳህኑን ጠርጎ ይበላል፤ ማግስቱን ብርቱካን ገዝቶላት ይገባል። ታርቀዋል ማለት ነው። አንድም ቀን "ይቅርታ" ተባብለው አያውቁም።

የወንድሟ ሚስት የአንድ መድን ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ናት። እታለም በሆዷ "ጸሐፊዋ" ነው የምትላት፤ በአፏ ግን ምንም ብላ ጠርታት አታውቅም፣ "ስሚ" ነው የምትላት። ጸሐፊዋ ፀጉሯን በፎጣ ጠምጥማ ወጥ ቤት ስትገባ እጇ ላይ ዓሣው ነበር። ሳልሞን ነው። ቆዳው እንደ ብር ያበራል፣ ሥጋው የብርቱካን መልክ አለው፤ በላስቲክ ታሽጎ እንደ አራስ ልጅ ነው የታቀፈችው። የዋጋው ወረቀት አልተነሣለትም። በዚያ ዋጋ ይህ ቤት ወሩን ሙሉ ሥጋ ይበላበት ነበር። እታለም ወረቀቱን ልትልጠው ስትል፣

"ተይው፣ ተይው! ላስቲኩንም እንዳትጥዪው። እዚያ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ይቀመጥ፤ እጃቸውን ሊታጠቡ ሲያልፉ ያዩታል" አለች።

ስልኳን የስኳሩ ቆርቆሮ ላይ አስደግፋ አንድ ነጭ ሽርጥ ያሰረ ሰውዬ በማይገባ ቋንቋ ሲለፈልፍ አሳየቻት፤ እሷ እያቆመች ትተረጉማለች። ዓሣውን አድርቂው፤ ቆዳውን ወደ ታች አድርገሽ የኦቨኑ ትሪ ላይ አስተኚው፤ ብርቱካንና ሎሚ ጨምቀሽ፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ሰናፍጭ ጨምረሽ፣ ማንኪያው ላይ እስኪለጠፍ አፍይው፤ ዓሣው ላይ አፍስሺና በጋለ ኦቨን ክተቺው፤ ሳይደርቅ አውጪው። "ዓሣው ላይ ደግሞ ጨው እንዳትነሰንሺ። ጨው ስጎው ላይ ነው የሚደረገው፣ እሱ ይበቃዋል ይላል።" እታለም አንድ ጊዜ አይታ ያዘችው። ፊደል ባይበረክትላትም ዓይኗ የበላውን አይረሳም።

"ለማን ነው ይኼ ሁሉ?" አለች፣ ሴትዮዋ እውነቱን እንድትናገር መንገዱን ልትከፍትላት።

"ለአለቃዬና ለባለቤቱ ነዋ! ነግሬሽ የለም እንዴ?"

"ምሳ ሊበሉ ብቻ ነው የሚመጡት?"

"ታዲያ ምሳ ሊበሉ ካልመጡ ሊያርሱ ነው የሚመጡት?"

"አይ፣ ሰው ገበያም ይወጣል ብዬ ነው።"

ጸሐፊዋ አንዴ አየቻት። የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ኋላ ስልኳን ከስኳሩ ላይ አነሣች። "አንቺ እኮ ሰሞኑን አነጋገርሽ ሁሉ ተቀይሯል" ብላ ወጣች። የተከፈተው መንገድ ሣር አበቀለ።

ሎሚ አልነበረም። እታለም ሎሚ ልትገዛ ደረጃውን ወረደች። የእያንዳንዱ ፎቅ ሽታ የተለየ ነው፤ ሦስተኛው ሁልጊዜ ጎመን፣ ሁለተኛው የሕፃን ጨርቅ፣ አንደኛው ያረጀ ሰው መድኃኒት። ይህን ደረጃ ከወንድሟ የሠርግ ዕቃ ጋር አብራ ነው የወጣችው፤ ያን ዕለት ድስቶቹን ተሸክማ ነበር። ከደረጃው ሥር፣ የቆጣሪ ሳጥኖቹ አጠገብ፣ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትቀመጣለች። እሑድም ሰኞም የላትም። ወፍራም ናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ መርፌ ከከንፈሯ አይለይም፤ መርፌውን ሳታወጣ ሰው ትሳደባለች፣ ሳታወጣ ትስቃለች።

"ፊትሽ ምን ሆኗል? ሎሚ መጠጥሽ እንዴ?" አለቻት።

እታለም በርጩማ ስባ ተቀመጠችና የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት። ሰፊዋ መኪናውን አቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች።

"ወንድምሽስ ያውቃል?"

"እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ሳያውቅ ይሆናል። አውቆም ይሆናል።"

"ታዲያ አፍሽን አውጥተሽ ጠይቂዋ! 'አንተ ልጅ፣ ለማታውቀው ሽማግሌ ገረድ አድርገህ ልትሰጠኝ ነው?' በዪው። ምን ይውጥሻል?"

"እኔ ለወንድሜ በአፍ ነግሬው አላውቅም።"

"እና በምንድነው የምትነግሪው፣ በጭስ?"

"በማንኪያ።"

ሰፊዋ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። እታለም መንገድ ላይ ያሰበችውን እዚያው ተናገረች። ብርቱካን ከነጩ ልጣጩ ጋር ከተቀቀለ ሬት ነው። የሎሚ ፍሬ ተጨፍልቆ ከገባበት ደግሞ ሬት ራሱ ማር ነው። እንግዶቹ እንዲያ ያለ ነገር ከቀመሱ "እጇ ይጣፍጣል" የተባለችውን ሴት አይወስዷትም። ከነሱ በፊት ግን ወንድሟ ይቀምሰዋል። "ቀምሶ ዝም ካለ፣ ይቅረብ ካለ፣ አትሂጂ አለኝ ማለት ነው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?"

"ዝም ካላለስ?"

እታለም ቀሚሷ ላይ የተለጠፈ ክር አነሣች።

"ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል ነበር" አለች ሰፊዋ መርፌውን ወደ ቦታው እየመለሰች፣ "እነሱ ደግሞ ድስቱን ከነማማሰያው ትተውልሽ ፀጉራቸውን ይሠራሉ። እኔ አንቺን ብሆን ዓሣውን ለድመት ሰጥቼ፣ 'በሉ እንግዲህ ድመቷን ውሰዷት፣ እሷ ናት የወደደችው' እላቸው ነበር። ስሚኝ እታለም፤ ወንድ ልጅ ማንኪያ አይገባውም። አፍ ነው የሚገባው። እሱም ሲጮህ ነው።"

"የኔ ይገባዋል" አለች እታለም። ከዚህ በኋላ ብትገረፍም ሐሳቧን አትለውጥም። ሎሚዋን ገዝታ ደረጃውን ወጣች።

መጀመሪያ ዓሣውን አነሣች። እሱን ማበላሸት ግን እጇ አልታዘዘላትም። ይህ ዓሣ ምን አደረጋት? ከየትኛው ቀዝቃዛ ባሕር ተይዞ፣ በማን መርከብ ተጭኖ፣ በማን በረዶ ውስጥ ተኝቶ እዚህ ድረስ የመጣ ፍጡር ነው፤ እሱም ሳይጠየቅ ነው የተላከው። በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችው፣ ጣቷን በሥጋው ላይ ቀስ ብላ እያሳለፈች እሾሁን ፈለገች፣ ያገኘችውንም በጸሐፊዋ የቅንድብ መንቀያ አንድ በአንድ ነቀለች። ትሪው ላይ ዘይት ቀብታ ቆዳውን ወደ ታች አስተኛችው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው አልጋውን አስተካከለችለት። ከዚያ ስጎውን ያዘች። ብርቱካኑን ጨምቃ ስታበቃ ልጣጩን ከነነጩ ከትፋ ጨመረችው። የሎሚውን ፍሬ ለቅማ በጠርሙስ ቂጥ ጨፈለቀችና ያንንም ከተተች። ማሩን በስስት፣ ሰናፍጩን በለጋስነት። ሲፈላ፣ ሲወፍር፣ ልጣጩን አጠለለችና ጣለች፤ ጥፋት ማስረጃ አይተውም። ድስቱ ውስጥ የቀረው ያበራል፣ ወርቅ ይመስላል። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ጸሐፊዋ ከመኝታ ክፍሏ "ኧረ እንዴት ይሸታል!" ብላ ጮኸች። መልኩ ማር፣ ጠባዩ ሬት። ጨው አላደረገችበትም። ጨው የሚደረገው ቀማሹ ሲመጣ ነው።

እንግዶቹ መጡ። እታለም በወጥ ቤቱ በር ስንጥቅ አየቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ቀጭን ሰው ነው፤ ሶፋው ላይ ጫፍ ይዞ እንደ ታካሚ ተቀመጠ። ሚስቱ ሞላ ያለች፣ ፊቷ ክፋት የሌለበት፣ እጇን ልትታጠብ ስታልፍ የዓሣውን ላስቲክ አይታ "ውይ፣ ምነው እንዲህ ተቸገራችሁ!" ያለች ሴት ናት። የወንድሟ ድምፅም ይሰማል። የሚስቀው ግን የራሱን ሳቅ አይደለም። ፋርማሲው ውስጥ፣ መስኮቱ ጀርባ ቆሞ ለደንበኛ የሚስቀውን ነው።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ገባ። እንደ ልማዱ አጠገቧ ቆመ፣ እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከአንገቱ ሥር የፋብሪካውን ካርቶን ሳያወጣው ቀርቶ ጫፉ ይታያል። ሌላ ቀን ቢሆን ታወጣለት ነበር። ማንኪያውን ነከረች፣ እፍ አለችበት፣ አቀመሰችው።

ፋርማሲስት መራራ ነገር አያስደነግጠውም፤ መራራ የሚውጥ ሰው ሲያባብል የኖረ ነው። ፊቱ አልተኮማተረም። ማንቁርቱ ብቻ አንዴ ወጣ፣ አንዴ ወረደ። ዓይኑ ከማንኪያው ተነሥቶ እሷ ላይ ዐረፈና ቆየ። እታለም እንደገባው ገባት። ቦርሳውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ፣ የሌሊት ሳሉን፣ ሁሉንም በዚያች አንዲት ማንኪያ ነገረችው፤ እሱም ሁሉንም ዋጠው። ከሳሎን ጸሐፊዋ ስለ ቢሮ አንድ ነገር ተናግራ ሰዎቹ ሳቁ። "አሁን ዝም ብለህ ውጣ" አለችው በሆዷ። "ወንድሜ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም፤ ዝም ብለህ ብቻ ውጣልኝ።"

አልወጣም። እጅጌውን ጠቀለለ። ድስቱን በጨርቅ ይዞ አነሣና ስጎውን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው። ወፍሮ ስለነበር ቶሎ አልወረደም፤ እየተሳበ፣ እየተለጠጠ ነው የሄደው። ሁለቱም ቆመው አዩት። ከዚያ ድስቱን አጠበ፤ በዚህ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው። ከፍራፍሬው ሳህን ብርቱካን አነሣ፣ ቆረጠ፣ ጨመቀ፤ ፍሬውን በሻይ ማጥለያ ያዘው፣ ነጩን ልጣጭ አላስነካም። ለሕፃን ሽሮፕ የሚለካ ነበር የሚመስለው።

"እትዬ፣ ማሩን አቀብዪኝ።"

አቀበለችው። ይህቺ እጅ እሱ የጠየቀውን ሁሉ ስታቀብል የኖረች እጅ ናት፤ እታለም አስባ ሳትጨርስ ማሩ እሱ ዘንድ ደርሶ ነበር።

"ሽማግሌው ጥሩ ሰው ናቸው አሉ" አለ፣ ለድስቱ እየነገረ። "ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ይሰጡሻል። መስኮቱ ትልቅ ነው አሉ። ማሞቂያ ምናምን አብሮሽ አያድርም።"

"ሩቅ ነው?"

"በመኪና... ሩቅ ነው።"

"እሷ ናት ያሰበችው?"

ማንኪያው ድስቱን አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ። ሰው ለመዋሸት የሚበቃ ጊዜ ነበረው። "እኔም እሺ ብያለሁ" አለ። "ቤቱ ጠበበን፣ እትዬ። ሁልጊዜ እሷና አንቺ መካከል... ደክሞኛል። ልነግርሽ ነበር፤ እንዴት እንደምነግርሽ ግን አላወቅኩም።"

እታለም ዓሣውን አየችው። ትሪው ላይ ጋደም ብሎ ሳይናገር ይጠብቃል። "እንግዲህ ስታስል አይሰማኝማ" አለች። እሱ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። በልጅነቷ፣ በጉልምስናዋ፣ በየሌሊቱ የሰማችው ሳል መሰማቱን እሱ አያውቅም ነበር።

ስጎው ወፈረ። ማንኪያውን ነከረ፣ እፍ አለበት። እታለም ሳታስበው ከንፈሯ ገርበብ አለ። እሱ ግን ራሱ ቀመሰው። "ጣፍጧል" አለ ለራሱ። ዓሣው ላይ አፈሰሰው፣ ኦቨኑን ራሱ ከፈተ፣ ራሱ ዘጋ፣ እጅጌውን ዘርግቶ ወደ እንግዶቹ ሄደ። እሷ መብሰሉን ጠበቀች። ኦቨኑ መስታወት ውስጥ ማሩ ጠርዝ ጠርዙን ሲጠቁር፣ የዓሣው ሥጋ እየነጣ ሲላቀቅ አየች። አሁንም ማቃጠል ትችል ነበር፤ ጀርባዋን ዞራ ትንሽ ብትቆይ ይበቃ ነበር። ጥያቄዋ ግን መልስ አግኝቷል፤ ዓሣውን ማቃጠል ከዚህ በኋላ ምቀኝነት ነው። ሳይደርቅ አወጣችው።

ትሪውን ይዛ ሳሎን ስትገባ ሁሉም "ኦ!" አለ። ጸሐፊዋ ለክት የሚቀመጡትን ሳህኖች ደርድራለች። የብርቱካን ክብ ክብ ቁራጭ ዓሣው ላይ ተደርድሮ ያብለጨልጫል። የሥራ አስኪያጁ ሚስት ቆረሰች፣ አፏ ውስጥ አዞረች፣ ቅንድቧን አነሣች።

"እንዴ! ጨው የለውም።"

የጸሐፊዋ ፊት እንደ ወተት ነጣ። የወንድሟ ሹካ መንገድ ላይ ቆመ።

"ኧረ አትደንግጡ፣ ደስ ብሎኝ እኮ ነው!" አለች ሴትዮዋ። "አባባ ጨው ከተከለከሉ ወዲህ ያልቀጠርነው ሰው የለም። ሁሉም ተደብቀው ይጨምሩላቸዋል፤ ያለ ጨው የሚጣፍጥ ነገር መሥራት የሚችል ጠፋ። ይኸው! ጨው የለውም፣ ግን ብሉኝ ብሉኝ ይላል። እሳቸው እኮ ይህን ቢያዩ ያለቅሳሉ።" ባሏም አንገቱን ነቀነቀ፤ እስካሁን የተናገረው ነገር ቢኖር ይኸው መነቅነቅ ነው።

"ሆን ብላ እኮ ነው!" አለች ጸሐፊዋ ቀለሟ ሲመለስ። "አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። ስለ አባባ ስነግራት አዘነችላቸው።"

ማንም ወደ እታለም አላየም፤ ወንድሟ ደግሞ ሳህኑን ብቻ ነው ያየው። ስጎው የማን እጅ እንደነበረ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የሥራ አስኪያጁ ሚስት ወንበር ሳበችላት። "እርስዎም ቁጭ ይበሉ እንጂ! ማን ብለን እንጥራዎት?"

"እታለም በሏት፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንላት" አለች ጸሐፊዋ።

"እሱ የወንድሜ ነው" አለች እታለም። አልተቀመጠችም። "ለእናንተ መታወቂያዬ ላይ ያለው ይሆናችኋል።"

አንድ ሹካ ሳህን ነካ። ሴትዮዋ ደግ ስለነበረች የሆነ ነገር እንዳለ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። "ከቤተሰብ መለየት ከባድ ነው። ከፈለጉ ያስቡበት፣ ዕቃዎን ያዘጋጁ፣ ሰሞኑን ሾፌር እንልክልዎታለን። ዛሬውኑ ይሁን አንልም" አለች።

"ቦርሳዬ ታጥቧል" አለች እታለም።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየቻት፣ ወዲያው ወደ መጠጡ ዞረች። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ቁራጭ ጠየቀ።

ቦርሳው ታጥቧል እንጂ አልደረቀም ነበር፤ ታቹ ርጥብ ነው። እታለም ጋዜጣ አነጠፈችበትና ልብሷን ከተተች፤ ለአንድ ቦርሳ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም፣ ግማሹ ባዶ ቀረ። የአልጋ ልብሱን አጥፋ ትራሱ ላይ አስቀመጠች። ማሞቂያው አጉረመረመ። "ዝም በል አንተ፣ ከእንግዲህ ብቻህን ነህ" አለችው። በመስኮቷ ዝቅ ብላ ስታይ የሥራ አስኪያጁ መኪና ከደረጃው በር ፊት ቆሟል፤ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ሰክታ፣ ቆማ መኪናውን ታየዋለች። የማን እንደሆነ ሳይነግሯት አውቃለች።

ወጥ ቤት ስታልፍ ድስቱ ምድጃው ላይ እንዳለ ነው፤ ወንድሟ ያማሰለበት ማንኪያ ውስጡ ጋደም ብሏል። ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ማንኪያውን አነሣች፣ የድስቱን ጥግ ፋቀች። እፍ አላለችበትም፣ ቀዝቅዟል። ቀመሰች። ማሩ መጣ፣ ብርቱካኑ መጣ፣ ሰናፍጩ ከኋላ ትንሽ ቆነጠጣት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ይመጣል ብላ ጠበቀች፣ አልመጣም። ለካ የራስን ቀማሽ መሆን እንዲህ ቀላል ነገር ኖሯል።

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ቦርሳውን ሊይዝላት ነው የመጣው፤ ካርቶኑ አሁንም ከአንገቱ ሥር ይታያል። እታለም ተጠግታ በሁለት ጣቷ ሳበችና አወጣችለት፣ መደርደሪያው ላይ፣ ዋጋው ከተለጠፈበት ላስቲክ አጠገብ አስቀመጠችው። አንገቱ ላይ ቀይ መስመር ሠርቶበታል።

ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን አነሣ። ቀና ሳይል፣ "ጨው ረሳሁ፣ እትዬ" አለ።

"ቀማሽ አልነበረህማ" አለችው፤ ቦርሳዋንም ከእጁ ተቀብላ ደረጃውን ወረደች።